ቤት ሲጎድል፣ ልብ ሲጨነቅ እንዴት እናመስግን?

በእኛ ዘንድ «እንዴት ነህ?» ለሚለው ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መመለስ የማያውቅ የለም። ልጅ የታመመበትም፣ ደመወዝ የዘገየበትም፣ አከራዩ «ቤቱን ልቀቅ» ያለውም እንዲሁ ይመልሳል። መልካም ልማድ ነው፤ ይጥፋ አልልም። ፈተናው የሚመጣው ሰውየው ቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ነው። ለጸሎት ሲቆም ቅድም ከአፉ የወጣው ምስጋና ይጠፋበታል። ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ጸሎቱ ከዳር እስከ ዳር «ስጠኝ፣ አውጣኝ» ብቻ ይሆናል፣ ወይም ቀስ በቀስ ጸሎቱን ራሱን ይተወዋል። እዚህ የምጽፈው ለእንዲህ ያለው ምሽት የሚሆነውን ነው። የማካፍላችሁ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ተምሬ፣ እየሠራሁበትም ያየሁትን ነው። ሌሎች ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶችም፣ በተለይ ከመዝሙረ ዳዊቱ ክፍል፣ የሚይዙት አያጡም።

በመከራ ቀን የሚያመሰግን ሰው ከሌላው የተለየ ብርቱ ስሜት የለውም። ያለው አስቀድሞ የያዘው ቃልና የለመደው ሰዓት ነው። ዳንኤልን ተመልከቱ። ከንጉሡ በቀር ማንንም የለመነ ሰው በአንበሶች ጉድጓድ ይጣል የሚለው አዋጅ እንደ ተጻፈ እያወቀ ቤቱ ገባ። በቀን ሦስት ጊዜ እንደሚያደርገው ተንበረከከ፣ ጸለየ፣ አመሰገነም (ዳን. 6፥10)። ለዚያ ቀን ብሎ አዲስ ጸሎት አልፈለገም፤ የትናንቱን ደገመ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ መከራው ቤት ከገባ በኋላ ነው የጸሎት መጽሐፍ የምንፈልገው። ያኔ ደግሞ ዓይን ማንበብ፣ ልብ መሰብሰብ ያቅተዋል።

ስለዚህ በቃል የሚያዝ አንድ የምስጋና ጸሎት ያስፈልጋል። ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው በቅዳሴ የምንሰማውን «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» የሚለውን ነው። አጭር ስለሆነ በአንድ ሳምንት በቃል ይያዛል። ለእኛ በጎ ነገር ያደረገውን መሐሪ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን ይልና ምክንያቱን ይዘረዝራል፦ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ወደ እርሱ ተቀብሎናልና፣ በጥበቃው አኑሮናልና፣ አጽንቶናልና፣ እስከዚች ሰዓትም አድርሶናልና። ልመናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይህችን ቀንና የሕይወታችንን ዘመን ሁሉ በሰላም እንዲጠብቀን ይጠይቃል። እህት ቤተ ክርስቲያናችን የግብፅዋም የሰዓታት ጸሎቷን የምትጀምረው በዚሁ ዓይነት ምስጋና ነው፤ ደስታም ይሁን ሐዘን ቀኑን አይመርጥም።

ይህን ጸሎት በችግር ቀን ለመጠቀም በእያንዳንዱ ምክንያት ላይ ቆም ይባላል፤ ካለፈው አንድ ቀን ውስጥም አንድ እውነተኛ ነገር ይነሣል። ለምሳሌ የኪራይ ገንዘብ የጎደለበት ቤት እንውሰድ። «ሰውሮናልና» ሲባል ሊደርስ ይችል የነበረና ያልደረሰ ነገር ይጠራል፤ ልጁ መንገድ ሲሻገር መኪና ለጥቂት ስቶታል እንበል። «ረድቶናልና» ላይ የረዳው ሰው በክርስትና ስሙ ይነሣል፤ ዱቄት ያበደረችው ጎረቤት፣ ሰልፍ ላይ ቦታ የያዘው ልጅ። «ጠብቆናልና» ቤተሰቡ በደኅና ማደሩ ነው። «አቅርቦናልና፣ ተቀብሎናልና» ላይ ዛሬ ለጸሎት መቆማችን ራሱ ይበቃል፤ ሊቀርም ይችል ነበርና። «አጽንቶናልና» ማለት ደግሞ ጉልበት ሳይኖር ከአልጋ መነሣት፣ ሳይናደዱ ከአከራዩ ጋር መነጋገር ሊሆን ይችላል። «እስከዚች ሰዓት አድርሶናልና» ላይ ሰዓቱን ማየት ጥሩ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሆነ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አድርሶናል። ነገ ገና አልመጣም፤ ጸሎቱም ስለ ነገ ገና አላነሣም። ይህ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ምስጋናውን በጥቅል ሲያደርጉት ነው። «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» ያለ ሰው በሁለት ደቂቃ ጨርሶ ወደ ጭንቀቱ ይመለሳል፤ ልቡ የሚይዘው ነገር አላገኘምና። ምስጋናው የሰው ስም፣ ቦታ፣ የገንዘብ መጠን ይኑረው። ከምክንያቶቹ በአንዱ ላይ የሚነሣ ነገር ከጠፋ ቃሉን ብቻ ብሎ ማለፍ ይገባል እንጂ አይፈጠርም። ያልሆነውን ሆነ ብሎ ማመስገን ጸሎቱን ያበላሸዋል፤ እግዚአብሔር በሐሰት የሚከበር አምላክ አይደለም።

ሌላውና ይበልጥ ስውር የሆነው ስሕተት ምስጋናን በሌላው መከራ ላይ መሥራት ነው። «እገሌ እግሩ ተቆርጧል፤ እኔ ግን እሄዳለሁ፣ ተመስገን» እንላለን። ለጊዜው ያጽናናል። ነገር ግን ነገ ከእኛ የተሻለ ሰው ስናይ ምስጋናው ወደ ቅናት ይገለበጣል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ ጸሎቱን የጀመረው በምስጋና ነበር፤ እንደ ሌሎች ሰዎች ስላልሆንኩ አመሰግንሃለሁ ብሎ። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን እርሱ አልነበረም። የሌላው መከራ ልባችንን ከነካው ቦታው ምልጃው ላይ ነው።

ወደ መዝሙረ ዳዊት ልምጣ፤ በዚህ ጉዳይ ከእርሱ የሚበልጥ መምህር አላውቅም። በእኛ ሥርዓት 150ው መዝሙር እያንዳንዱ አሥር መዝሙር በያዘ 15 ንጉሥ ተከፍሎ ለሳምንቱ ይታደላል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ቁጥሩ ላይ አትደናገሩ፤ በግእዙ ዳዊት 22 የሆነው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በሌሎች ትርጉሞች 23 ነው። እኔ የምጽፈው በግእዙ ቁጥር ነው፤ ሌላ ትርጉም የያዘ ሰው ከመዝሙር 10 ወዲያ ባለው አብዛኛው ክፍል ላይ አንድ ይጨምር።

ይህ አከፋፈል ለተጨነቀ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሐሙስን በማየት ይታወቃል። መዝሙር 87 ከመዝሙሮቹ ሁሉ የጨለመው ነው። አንድም የምስጋና መስመር ሳይኖረው፣ ወዳጅና ባልንጀራ እንደ ራቁ ተናግሮ በጨለማ ያበቃል። ቤተ ክርስቲያን አላወጣችውም፣ አላሳጠረችውም፤ ሐሙስ ሐሙስ ይደገማል። በዚያው ቀን ዳዊት የሚደግም ሰው ቀጥሎ መዝሙር 102 ላይ ይደርሳል፦ «ነፍሴ ሆይ፥ እግዚአብሔርን ባርኪ፥ ምስጋናውንም ሁሉ አትርሺ።» ሁለቱም የአንድ ቀን ንባብ ናቸው። ልባችሁ 87 ላይ ሳለ አፋችሁ 102ን ቢል ግብዝነት እንዳይመስላችሁ፤ ሥርዓቱ ራሱ እንዲህ ነው የተሠራው።

ሰባት ቀን ሙሉ ሁሉንም መድገም ለጀማሪ አይሆንም። በሰኞ 30 መዝሙር የሚጀምር ሰው ረቡዕ ላይ ይደክመውና ይተወዋል፤ ከዚያ መተዉ ራሱ ሌላ ሸክም ይሆንበታል። ከየቀኑ ክፍል አንድ መርጦ መያዝ ይሻላል። እኔ ለችግር ጊዜ እንዲህ አስቀምጣቸዋለሁ፦ ሰኞ 12፣ ማክሰኞ 41፣ ረቡዕ 61፣ ሐሙስ 102፣ ዓርብ 120፣ ቅዳሜ 135፣ እሑድ የዕንባቆም ጸሎት።

ከእነዚህ መዝሙር 12ን ለይቼ ላሳያችሁ። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥያቄ ናቸው፦ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ቀጣዮቹ ሁለቱ ልመና ናቸው፤ እየኝ፣ ስማኝ፣ ዓይኖቼን አብራ ይላል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መታመንና መዘመር ናቸው። በራሳችሁ ቃል ስትጸልዩም ይህን ቅደም ተከተል ያዙ። መጀመሪያ ያስጨነቃችሁን በስሙ ጥሩት፤ «ችግሬን ታውቃለህ» ብላችሁ አትለፉ፤ «የኪራዩ 4 ሺህ ብር ጎድሏል፣ ወሩ ሊያልቅ ነው» በሉት። ቀጥሎ የምትፈልጉትን ለምኑ። በመጨረሻ ከዚህ በፊት ያደረገላችሁን አንድ ነገር አንሥታችሁ አመስግኑ። ማማረሩን ዘልለው በቀጥታ ወደ ምስጋናው የሚሄዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ምስጋናቸው ደረቅ ይሆንባቸዋል፤ ያልተነገረው እሮሮ ከሥር እየተብላላ ይቀራል። ማማረሩ ላይ የሚያድሩ ደግሞ ከሁለተኛው ቁጥር ሳይወጡ ይተኛሉ። ስድስቱም ቁጥር ይነበብ።

ቅዳሜ 135 ለቤተሰብ የሚመች ነው። 26 ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱም «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ብሎ ያበቃል። አንዱ የመጀመሪያውን ግማሽ ያነባል፣ የቀሩት ይመልሳሉ። ገና ማንበብ የማይችል ልጅም ከሁለተኛው ቁጥር ጀምሮ መመለስ ይችላል። መብራት በጠፋበት ምሽት ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ አንድ ሻማና አንድ አንባቢ ይበቃል።

የእሑዱ የዕንባቆም ጸሎት ደግሞ የገበሬ ቤት ኪሳራ በዝርዝር የተጻፈበት ነው፦ በለስ ባታፈራ፣ ወይን ፍሬ ባይሰጥ፣ የወይራ ሥራ ቢጎድል፣ እርሻ መብል ባይሰጥ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ፣ ላሞችም ባይገኙ። ከዚህ ሁሉ በኋላ «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» ይላል (ዕን. 3፥17-18)። ነቢዩ የጠፋውን አንድ በአንድ ቆጥሮታል። በለስና ወይራ የሌለው የከተማ ሰው በእነርሱ ቦታ የራሱን ያስገባ፤ ደመወዝ ባይገባ፣ የዘይት ዋጋ ቢጨምር፣ ውኃ በፈረቃው ቀን ባይመጣ፣ ከኤምባሲ መልስ ባይመጣ። ጽፋችሁ ዳዊታችሁ ውስጥ ልታስቀምጡት ትችላላችሁ።

ስለ ሰዓቱ ብዙ አልልም። ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ሠራተኛና እናት ሁሉንም ቆመው መጸለይ ላይችሉ ይችላሉ። ሁለቱን አጥብቃችሁ ያዙ፤ የማለዳውን ነግህንና የመኝታውን ንዋምን። ነግህ ላይ አንድ ሕግ አለኝ፦ ከጸሎቱ በፊት ስልክ አይከፈት። ሌሊት የገባ አንድ መልእክት፣ አንድ የብድር ማስታወሻ የቀኑን የመጀመሪያ ቃል ይወስደዋል። ንዋም ላይ መዝሙር 4 ይበቃል፤ መጨረሻው «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» ነው። ቀትር ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት ስለሆነ ታክሲ ሰልፍ ላይም ቢሆን ልብን ማንሣት ይቻላል። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ለማለት መጽሐፍ አያስፈልግም።

ማታ ሦስት መስመር በደብተር መጻፍም ይጠቅማል፤ ቀኑን፣ የዕለቱን ችግር፣ የዕለቱን ምስጋና። ከሦስት መስመር አይብለጥ። በጀመሩበት ሳምንት ገጽ ሙሉ የሚጽፉ በሁለተኛው ሳምንት ሲያቆሙ አይቻለሁ። የደብተሩ ጥቅም በወሩ መጨረሻ ይታያል፤ ችግር ተብሎ ተጽፎ ያለፈው መስመር ላይ ምልክት አድርጉ። ያላለፈው እንዳለ ይቆይ፣ አትሰርዙት።

በዐረብ ሀገር ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች የምትጽፉትን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ መጽሐፍ የለኝም፣ ድምፄን ማሰማት አልችልም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም የሚል ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ በእርግጥም ቤተ ክርስቲያን የለም። ለእናንተ ሐና ትበቃለች፤ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ አይሰማም ነበር፣ ጸሎቷ ግን ተሰማ (1ኛ ሳሙ. 1፥13)። ከመሄዳችሁ በፊት አቡነ ዘበሰማያትን፣ መዝሙር 22ን፣ 50ን፣ 120ንና «ነአኩቶ»ን በቃል ያዙ፤ እነዚህን ማንም ሊወስድባችሁ አይችልም። እዚያ ላላችሁት ደግሞ ጸሎቱን ከሥራው ጋር ማሰር ይቻላል፤ ዕቃ ሲታጠብ መዝሙር 120፣ ልብስ ሲተኮስ 22። ሥራው በመጣ ቁጥር ቃሉም ይመጣል። አሜሪካና አውሮፓ በሌሊት ፈረቃ የምትሠሩም በዚሁ መንገድ የመኪናውን ጉዞ ለዳዊት ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ከሥራ ስትወጡ ጠዋት ቢሆንም የእናንተ ንዋም ያ ነው።

አሁን መጠንቀቅ ያለብንን ልናገር፤ ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። ማመስገን መድኃኒት ማቆም አይደለም። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጸበል ሲገባም መድኃኒቱን ይውሰድ። በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙን የፈጠረ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል። ኪኒኑን በእጅ ይዞ ማመስገን ይቻላል። ጾምን በተመለከተም የታመመ ሰው ለራሱ አይፍረድ፤ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ማመስገን በቤት ውስጥ ዱላን መቀበልም አይደለም። የምትደበደብ ሴት «ይህ መስቀልሽ ነው፣ አመስግነሽ ቻዪ» ስትባል መስማት ያሳዝናል። ወደ ደኅና ቦታ መውጣት፣ ለንስሐ አባትና ለሕግ መናገር እምነት ማጣት አይደለም፤ ዳዊትም ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ዘወር አለ፣ ሸሸም።

ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው፣ ሞትን የሚመኝ ሰው «ምስጋና አነሰህ» ሊባል አይገባም። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ተኝቶ እንዲሞት ለምኗል። እግዚአብሔር ያኔ አልገሠጸውም፤ መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ እንደገና አስተኛው፣ እንደገና አበላው (1ኛ ነገ. 19)። ወደ ሐኪም መውሰድ የዚያ እንጎቻ ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድ ይችላል፤ ሌላ ቦታ ያለም በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምር። ሞት የሚመኝን ሰው ብቻውን ማሳደር አይገባም። ጸሎቱን እስኪያገግም ሌላው ይጸልይለታል።

ስእለትም ከዚህ ጋር ይነሣል። ቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 የሚጎርፈው ሕዝብ ብዙው ስእለቱ የደረሰለት አመስጋኝ ነው፤ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በጭንቅ ሰዓት ከአቅም በላይ ተስለው ኋላ በብድር የሚያስገቡ አሉ፤ ባለመክፈላቸው በፍርሃት የሚኖሩም አሉ። መጽሐፍ «ተስለህ የማትፈጽም ከሆነ ባትሳል ይሻላል» ይላል (መክ. 5፥5)። የምትሳሉት በእጃችሁ ያለ ይሁን፤ ቀኑንና የተሳላችሁትን ጻፉት። አቅቷችሁ ከሆነ ሳትደብቁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ መፍትሔ አለው። ምስጋናችሁን ግን ስእለቱ እስኪደርስ አታቆዩት።

በመጨረሻ ስለ ሌላው ሰው መከራ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ልጇን ለቀበረች እናት «አመስግኚ፣ እግዚአብሔር ሰጠ እግዚአብሔር ነሣ» ማለት ልምድ ሆኗል። ይህን ቃል የተናገረው ልጆቹን ያጣው ኢዮብ ራሱ ነው፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ አላለውም። ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በምድር ተቀመጡ፤ የበደሉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። እናንተም ንፍሮውን ይዛችሁ ግቡ፣ ከእርሷ ጋር አልቅሱ፣ ውኃ ቅዱ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሱ። እድርተኛው ከተበተነ፣ ድንኳኑም ከተነሣ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ቤቱ የሚከብደው ያኔ ነው። እርሷ ራሷ «ዳዊት ድገሙልኝ» ካለች በመዝሙር 12 ጀምሩ።